አብራሪውና ማማው ሲተላለፉ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 አመሻሽ ላይ፣ በቶኪዮ ሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ አንዲት የጃፓን የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ወደ ኒጋታ ለመነሳት ተራዋን ትጠብቅ ነበር። የጫነችው ከአንድ ቀን በፊት በኖቶ አካባቢ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱ ሰዎች የሚውል እርዳታ ነው። የማማው ተቆጣጣሪ ለመነሳት የመጀመሪያዋ ባለተራ መሆኗን ነገራትና ሲ5 እስከሚባለው የመቆሚያ ነጥብ ድረስ እንድትሄድ አዘዛት። ከአውሮፕላኗ የተመለሰው ቃል ትእዛዙን ሳያዛባ የደገመ ነበር፤ እስከ ሲ5፣ አንደኛ ባለተራ፣ አመሰግናለሁ የሚል። አውሮፕላኗ ግን ነጥቡ ላይ አልቆመችም። አልፋ ማኮብኮቢያው ላይ ወጣችና ለ40 ሰከንድ ያህል እዚያው ቆየች። በዚያው ማኮብኮቢያ ላይ እንዲያርፍ የተፈቀደለት፣ 379 ሰዎችን የያዘው የጃፓን አየር መንገድ ኤርባስ ኤ350 መጥቶ ገጫት። በትልቁ አውሮፕላን የነበሩት በሙሉ ከሚነድደው አውሮፕላን ሲያመልጡ፣ በትንሿ ከነበሩት 6 ሰዎች 5ቱ ሞቱ። በሕይወት የተረፈው ካፒቴኗ ወደ ማኮብኮቢያው እንዲገባ የተፈቀደለት መስሎት እንደነበር ተናግሯል።

በዚህ አደጋ ውስጥ የቋንቋ እጥረት አልነበረም። ተቆጣጣሪውም አብራሪዎቹም የአንድ አገር ሰዎች ናቸው፤ ትእዛዙ አጭር ነው፤ የተደገመውም ትክክል ነው። የአብራሪዎችና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች አለመግባባት ሲነሳ አብዛኛው ሰው ቶሎ ወደ እንግሊዝኛ ችሎታ ይሄዳል። አንዱ በደንብ አልቻለም፣ ሌላው አነጋገሩ አልገባ አለ፣ ከዚያ አደጋ ደረሰ ይባላል። እንዲህ ያለ አደጋ ደርሶ ያውቃል፤ በኋላ እመለስበታለሁ። የአደጋዎቹን መዝገብ ለሚያገላብጥ ሰው ግን ጎልቶ የሚወጣው ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሕይወት የጠፋው ተናጋሪም ሰሚም ተግባብተናል ብለው ባመኑበት ጊዜ ነው። ያልገባው ሰው ይጠይቃል። የገባው የመሰለው ሰው አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቢኖር እንኳ መልስ ሳያገኝ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ መፍትሔው ቋንቋን ከማስተማር አልፎ፣ መጠየቅን ቀላል፣ ማረምንም የማያስነቅፍ እስከማድረግ መድረስ አለበት።

የመገናኛውን አሠራር ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በአንድ የአየር ክልል ውስጥ ያሉ አውሮፕላኖች ከተቆጣጣሪው ጋር የሚነጋገሩት በአንድ የሬዲዮ ሞገድ ነው። በእድር ስብሰባ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚዞር ማይክሮፎን፣ በአንድ ጊዜ መናገር የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። አብራሪው ቁልፉን ተጭኖ በሚናገርበት ጊዜ የሌላውን ድምፅ አይሰማም። ሁለት ሰዎች በአንድ ቅጽበት ከተጫኑ ሌሎቹ ጆሮ ላይ የሚደርሰው ሲጥ የሚል ጩኸት ሲሆን፣ ሁለቱ ተናጋሪዎች ግን መልእክታቸው እንዳልደረሰ አያውቁም። ለዚህ ተብሎ የተሠራው ጥንቃቄ ሦስት እርከን አለው። ተቆጣጣሪው ያዛል፤ አብራሪው የተሰጠውን ከፍታ፣ አቅጣጫ ወይም ፈቃድ ከበረራው መጠሪያ ጋር ይደግማል፤ ተቆጣጣሪው የተደገመውን አዳምጦ ስህተት ካለበት ያርማል። ይህ ሦስተኛው እርከን ድምፅ የለውም፤ ስለሌለውም ለመዘለል የተመቸ ነው። አብራሪው ትእዛዙን ሲደግም የተቆጣጣሪው ዓይንና ሐሳብ ወደሚቀጥለው አውሮፕላን ሄዶ ሊሆን ይችላል። ሰምቶ ትክክል ነው በማለት ዝም ቢልም፣ ሳይሰማ ዝም ቢልም ለአብራሪው ልዩነት የለውም። ዝምታው በሁለቱም በኩል እንደ ማረጋገጫ ይቆጠራል።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1989 ወደ ኩዋላ ላምፑር ይወርድ በነበረው የፍላይንግ ታይገር የጭነት አውሮፕላን ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ተቆጣጣሪው ቦይንግ 747ቱን ወደ 2,400 ጫማ ለማውረድ አሃዞቹን አንድ በአንድ ጠራ፤ ሁለት፣ አራት፣ ዜሮ፣ ዜሮ። በእንግሊዝኛ የቁጥር ሁለት ድምፅ «ወደ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ስለሆነ፣ አብራሪዎቹ ወደ 400 ጫማ ውረዱ የተባሉ መሰላቸው። ዋናው አብራሪ እሺ፣ አራት ዜሮ ዜሮ ብሎ መለሰ። የሚያርመው አልነበረም። አውሮፕላኑ ኮረብታ ላይ ተከሰከሰ፤ በውስጡ የነበሩት 4 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። አብራሪዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ፤ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ነው። ስህተታቸው ተደብቆ አልቀረም፤ በሬዲዮ ላይ በግልጽ ተነግሯል። የጎደለው ያንን ስህተት የሚሰማ ጆሮ ነበር።

በአቪዬሽን ታሪክ ብዙ ሰው የሞተበት የቴኔሪፌ አደጋም ሲተነተን ወደዚሁ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በስፔኗ ግራን ካናሪያ ደሴት አውሮፕላን ማረፊያ ቦምብ በመፈንዳቱ፣ ብዙ በረራዎች በአጎራባቿ ቴኔሪፌ ወደሚገኘው ወደ ትንሹ ሎስ ሮዴዮስ ማረፊያ እንዲዞሩ ተደረገ። ከእነዚህ መካከል የሆላንዱ ኬ.ኤል.ኤም. እና የአሜሪካው ፓን አም፣ እያንዳንዳቸው አንድ ቦይንግ 747 ነበራቸው። ለመነሳት ሲዘጋጁ ጭጋግ ወረደ። ማማው ማኮብኮቢያውን አያይም፤ የምድር ራዳር የለውም። የጎን መሄጃው በቆሙ አውሮፕላኖች ስለተዘጋ ሁለቱም ግዙፎች በዚያው በአንዱ ማኮብኮቢያ ላይ ተከታትለው እንዲሄዱ ተደረገ። ኬ.ኤል.ኤም. እስከ ጫፉ ሄዶ ዞሮ ይቆማል፤ ፓን አም ከኋላው እየመጣ በሦስተኛው መውጫ በኩል ይለቅቃል። የፓን አም አብራሪዎች ግን በጭጋጉ ውስጥ ያንን መውጫ አልፈው ወደ አራተኛው እየሄዱ ነበር።

የኬ.ኤል.ኤም. ካፒቴን በአየር መንገዱ የ747 አብራሪዎችን የሚያሠለጥን አንጋፋ ነበር። የሕግ የሥራ ሰዓት ገደቡም እየተቃረበበት ነው። ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ እንደዞረ ሞተሩን ከፍ ማድረግ ሲጀምር ረዳቱ ገና ፈቃድ እንዳላገኙ ነገረው። አውቃለሁ፣ ጠይቅ አለው። ረዳቱ ጠየቀ፤ ተቆጣጣሪው ከተነሱ በኋላ የሚከተሉትን መስመር አነበበላቸው። ይህ የመስመር ፈቃድ ነው፤ የመነሳት ፈቃድ ራሱን ችሎ በኋላ የሚሰጥ ነው። ንባቡ ውስጥ ግን «መነሳት» የሚለው ቃል ነበረበት። ረዳቱ መስመሩን እየደገመ ሳለ ካፒቴኑ ፍሬኑን ለቀቀ። ረዳቱም ንግግሩን የጨረሰው አሁን መነሻ ላይ ነን እንደማለት ባለ፣ ቆመናልም እየተነሳን ነውም ሊባል በሚችል እንግሊዝኛ ነበር። ተቆጣጣሪው የመጀመሪያውን ተረዳና እሺ አለ። ጥቂት ዝም ብሎ፣ ለመነሳት ጠብቁ፣ እጠራችኋለሁ ሲል ቀጠለ። በዚያችው ቅጽበት የፓን አም አብራሪዎች እኛ ገና ማኮብኮቢያው ላይ ነን ለማለት ቁልፋቸውን ተጫኑ። ሁለቱ ድምፆች ተደራረቡ። ወደ ሆላንዶቹ ጆሮ በጥራት የደረሰው «እሺ» ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ጩኸት ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያለውን የዕድል ክፋት ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን በዕድል አይሳበብም። ተቆጣጣሪው ፓን አምን ማኮብኮቢያውን ስትለቅቁ አሳውቁኝ ሲለው፣ ፓን አምም ስንለቅቅ እናሳውቃለን ሲል፣ ይህ ልውውጥ በኬ.ኤል.ኤም. ክፍል ውስጥ በግልጽ ይሰማ ነበር። የሰማው የበረራ መሐንዲሱ ነው። እና ያ ፓን አሜሪካን አልወጣም እንዴ ብሎ ጠየቀ፤ ካፒቴኑ ምን አልህ ሲለው ደገመለት። ካፒቴኑ ጠንከር ባለ ድምፅ ወጥቷል እንጂ አለ። መሐንዲሱ ዝም አለ። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ሁለቱ አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ፤ በኬ.ኤል.ኤም. ውስጥ ከነበሩት 248 ሰዎች አንድም አልተረፈም። ትክክለኛው መረጃ በዚያ ክፍል ውስጥ ነበር፤ በሰው አንደበትም ተነግሯል። የተሸነፈው አንጋፋው አስቀድሞ ባመነው ነገርና በማዕረጉ ክብደት ነው። ከአደጋው በኋላ «መነሳት» የሚለው ቃል የመነሳት ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ካልሆነ በቀር በሬዲዮ ላይ እንዳይነገር ተወሰነ። ጥሩ ሕግ ነው፤ ሆኖም የመሐንዲሱን ጥያቄ የሚያድን አይደለም። ለዚያ የታሰበው፣ አብራሪዎችና ረዳቶቻቸው አንዱ ሌላውን መጠየቅና ማረም የሚለማመዱበት የቡድን ሥልጠና ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በናሳና በአሜሪካ አየር መንገዶች ተጀምሮ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ግዴታ ሆኗል።

ማዕረግ ብቻ አይደለም ሰውን የሚያስረው፤ ጨዋነትም ያስራል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1990 ከኮሎምቢያ ወደ ኒው ዮርክ የሚበረው የአቪያንካ ቦይንግ 707 በመጥፎ አየር ምክንያት ሦስት ጊዜ በሰማይ ላይ እየዞረ እንዲጠብቅ ተደርጎ በድምሩ 1 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ቆየ። ነዳጁ ሲመናመን ረዳት አብራሪው ቅድሚያ እንደሚፈልጉ ተናገረ። መጠበቅ የሚችሉት ለ5 ደቂቃ ያህል እንደሆነ፣ ወደ ተለዋጩ ማረፊያ ወደ ቦስተንም መድረስ እንደማይችሉ አስረዳ። ይህን ከሰሙት አንዱ ተቆጣጣሪ ግን የሰማው ግማሹን ነው፤ ለተቀባዩም ያስተላለፈው ግማሹን ነው። የመጀመሪያው የማረፍ ሙከራ ሳይሳካ ቀርቶ እንደገና ሲነሱ ካፒቴኑ በስፓኒሽ አደጋ ላይ ነን በላቸው አለው። ረዳቱ ለማማው የተናገረው እንደገና እንሞክራለን፣ ነዳጅ እያለቀብን ነው የሚል ነበር። በኒው ዮርክ ሰማይ በዚያ ምሽት ነዳጅ የሚያንሰው ብዙ አውሮፕላን ስለነበር፣ ለተቆጣጣሪው ይህ የተለመደ ማሳሰቢያ እንጂ የጭንቅ ጥሪ አልመሰለውም። ዞር አድርጌ ልመልሳችሁ ነው፣ ለነዳጃችሁ ይመቻል ወይ ሲል የመጨረሻው ተቆጣጣሪ ጠየቀ። መልሱ ይመስለኛል፣ በጣም አመሰግናለሁ ነበር። አውሮፕላኑ ሎንግ አይላንድ ላይ ሲወድቅ ከ158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ፤ የሚነድድ ነዳጅ ስላልነበረው እሳት እንኳ አልተነሳም።

በሬዲዮ የተነገረው እያንዳንዱ ቃል የእንግሊዝኛ ቃል ነበር፤ የተነገረውም በቂ በሆነ እንግሊዝኛ ነበር። «አደጋ» ወይም «ሜይዴይ» የሚለው ብቻ አልተነገረም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ አብራሪዎቹን ዋና ተጠያቂ ሲያደርግ፣ የነዳጅ እጥረትን ደረጃ ሁለቱም ወገን በአንድ ዓይነት የሚረዱበት መደበኛ ቃል አለመኖሩንም ጠቅሷል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ፣ «ሚኒመም ፊዩል» እና «ሜይዴይ ፊዩል» የሚሉትን ሁለት ጥሪዎች ቁርጥ ባለ ትርጉም በደንቡ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ከአደጋው 22 ዓመት በኋላ። ይህ መዘግየት ሊያስቆጣን ይገባል።

እዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያ ተቃውሞ ቋንቋን አቃልለሃል የሚለው ነው። ለዚህ ማስረጃ የሚቀርበውም ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 1996 በዴልሂ አቅራቢያ፣ ቻርኪ ዳድሪ በተባለች ከተማ ሰማይ ላይ፣ ከዴልሂ የተነሳው የሳዑዲ ቦይንግ 747 እና ለማረፍ የሚወርደው የካዛኪስታን ኢሉሺን 76 ተጋጭተው 349 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ለሥራ ወደ ሳዑዲ የሚሄዱ ሕንዳውያን ነበሩ። ለካዛኮቹ የተፈቀደው ከፍታ 15,000 ጫማ፣ ለሳዑዲው 14,000 ነበር፤ ካዛኮቹ ከተፈቀደላቸው በታች ወረዱ። በአውሮፕላኑ ከተቆጣጣሪው ጋር የሚነጋገረው ከአብራሪዎቹ ጀርባ የሚቀመጠው የሬዲዮ ሠራተኛ ሲሆን፣ መርማሪዎቹ የእንግሊዝኛ ማነስን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርገው ጠቅሰዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ኢካኦ የቋንቋ ብቃት ጉዳይን በጉባኤ ውሳኔ አነሳው፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮም በዓለም አቀፍ በረራ ላይ የሚሠራ አብራሪም ተቆጣጣሪም ከስድስት እርከኖች ቢያንስ አራተኛውን እንዲያሟላ ደነገገ። በአራተኛው እርከን ያለ ሰው በየሦስት ዓመቱ እንዲፈተን ይመከራል። ይህን ሁሉ አልቃወምም፤ እንዲያውም ግዴታው ሃያ ዓመት ቀድሞ መምጣት ነበረበት እላለሁ። የምለው ፈተናው የሚለካው ሰው መናገር መቻሉን እንጂ አልገባኝም ለማለት መድፈሩን አይደለም ነው። ስድስተኛውን እርከን በልደቱ ያገኘው የኒው ዮርክ ወይም የለንደን ተቆጣጣሪም ፈጥኖና በአገር ቤት አነጋገር ሲያወራ፣ የሌላው አገር አብራሪ ሳይገባው እሺ እንዲል ያደርገዋል። ሸክሙ ቋንቋውን በኋላ በተማረው ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከቴክኖሎጂ በኩል ነው። ዛሬ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይና በአውሮፓ ከፍተኛ ሰማይ ተቆጣጣሪው ትእዛዙን በጽሑፍ ወደ አብራሪው ማያ ይልካል፤ አብራሪው አንብቦ ቁልፍ በመጫን ይቀበላል። አነጋገር አያደናግርም፣ ድምፅ አይደራረብም። እንግዲህ ሬዲዮውን ለምን አንተወውም ይባላል። ጽሑፍ ግን ለርቀትና ለሰፊ ጊዜ ነው የሚሆነው። አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ፣ አንድ አውሮፕላን በየደቂቃው በሚወርድበት ሰዓት፣ አብራሪ አንገቱን ደፍቶ የሚያነብበት ጊዜ የለም። ከዚህም በላይ የሬዲዮ ሞገዱ የጋራ መሆኑ ጥቅም አለው፤ አንዱ የተሰጠውን ፈቃድ ሌሎቹ ይሰማሉ። ያ የኬ.ኤል.ኤም. መሐንዲስ ፓን አም አለመውጣቱን የጠረጠረው ለእሱ ያልተላከ ንግግር ሰምቶ ነው። ጽሑፉ ለአንድ አውሮፕላን ብቻ ቢደርስ ኖሮ ያ ጥያቄም አይነሳም ነበር። በሃኔዳም ቢሆን ማኮብኮቢያው መያዙን የሚያሳይ ምልክት በማማው ማያ ላይ ይታይ ነበር፤ የተመለከተው ግን አልነበረም። መሣሪያ ያግዛል፤ የሚያየውና የሚያምነው ሰው ግን ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው፣ አደጋው እኮ ጥቂት ነው የሚለው፣ ቶሎ መልስ ያገኛል። ጥቂት የሆነው ስህተቱ ጥቂት ስለሆነ አይደለም። ናሳ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ጥናት፣ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች በፈቃዳቸው ካቀረቡለት ሪፖርቶች ከ70 በመቶ በላዩ የመረጃ ልውውጥ ችግር ያለበት ሆኖ ተገኝቷል። አብዛኛው ስህተት በሰዓቱ ተደርሶበት ስለሚታረም ነው ወደ አደጋ የማይደርሰው፤ የሚያርመው ደግሞ አንድ ነቃ ያለ ሰው ነው።

ይህ የሪፖርት ሥርዓት የተወለደበት ምክንያት ራሱ ስለ ጉዳዩ ብዙ ይናገራል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1974 ወደ ዋሽንግተን ደለስ ይወርድ የነበረ የአሜሪካው አየር መንገድ የቲ.ደብሊው.ኤ. ቦይንግ 727፣ ወደ ማረፊያው ለመቅረብ ተፈቅዶልሃል ሲባል ወዲያው ዝቅ ማለት የሚችል መስሎት ቨርጂኒያ ውስጥ ተራራ ላይ ተከስክሶ 92 ሰዎች ሞቱ። ተቆጣጣሪው በበኩሉ አብራሪው ተራራውን እስኪያልፍ ከፍታውን ይጠብቃል ብሎ ገምቶ ነበር። ከስድስት ሳምንት በፊት የዩናይትድ አየር መንገድ አብራሪዎች በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቃል ተሳስተው ለጥቂት ተርፈው ነበር። ለአሠሪያቸው ተናገሩ፤ ዩናይትድም የራሱን አብራሪዎች አስጠነቀቀ፤ ወሬው ግን ቲ.ደብሊው.ኤ. ዘንድ አልደረሰም። እ.ኤ.አ. በ1976 ናሳ የሚያስተዳድረው፣ የሪፖርት አቅራቢውን ማንነት የሚሰውር ሥርዓት የተቋቋመው ይህ እንዳይደገም ነው። ቲ.ደብሊው.ኤ. የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲመሠረት በማቋቋሙ የተሳተፈውና ለዓመታት ያገዘው ድርጅት መሆኑን ያስታወሰ አንባቢ፣ ትምህርቱ ለእኛ ከሩቅ የመጣ እንዳልሆነ ይገነዘባል።

ለእኛ ጉዳዩ ቅርብ የሚሆንበት ሌላም ምክንያት አለ። ቦሌ የአንድ አየር መንገድ ማዕከል በመሆኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ሲመጡና ሲሄዱ ከሚሰሙት አውሮፕላኖች ብዙዎቹ በሬዲዮ መጠሪያቸው «ኢትዮጵያን» ነው። የሚለያያቸው ቁጥሩ ብቻ ነው። ለምሳሌ ኢትዮጵያን 508 እና ኢትዮጵያን 805 በአንድ ሞገድ ላይ ከተገናኙ፣ ለአንዱ የተሰጠ ከፍታ ሌላው ተቀብሎ ቢደግመው፣ የተደገመው ሙሉ ቁጥሩን ካልያዘ ወይም ተቆጣጣሪው ቁጥሩን ካላዳመጠ የሚደርስበት የለም። ታላቅን በሰው ፊት ማረም ነውር ሆኖ ባደግንበት ባህል ደግሞ፣ የወጣት ረዳት አብራሪ ወይም የአዲስ ተቆጣጣሪ ዝምታ በሆላንዱ ካፒቴን ክፍል ከነበረው የሚቀልል አይሆንም። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ በሥልጠና ግን ሊለወጥ የሚችል ነው። የሌሎች አገሮች ልምድ ይህን አሳይቷል።

በቢሾፍቱ አቅራቢያ የሚገነባው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ መንገደኛ ለማስተናገድ የታሰበ ነው። ስለ ሕንፃው፣ ስለ ወጪውና ስለ ማኮብኮቢያዎቹ ብዙ ተብሏል፤ በማማው ውስጥ ስለሚቀመጡት ሰዎች ግን ብዙም አልተባለም። ስንት ተቆጣጣሪዎች እንደሚሠለጥኑ፣ በአንድ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ስንት አውሮፕላን እንደሚወድቅ፣ ከስንት ሰዓት ሥራ በኋላ እረፍት እንደሚያገኝ አሁኑኑ ቢጠየቅ ጊዜው ነው። ኢካኦ አባል አገሮች በፈቃደኝነት የሚቀርብ ሪፖርት መቀበያ እንዲኖራቸውና ሪፖርት አቅራቢውን እንዲጠብቁ ያዛል። ትናንት አንድ አብራሪ የደገመውን ሳልሰማ አሳለፍሁ ብሎ በራሱ ላይ የሚጽፍ ተቆጣጣሪ ደመወዙና እድገቱ እንደማይነካበት ከወዲሁ በጽሑፍ ሊረጋገጥለት ይገባል፤ የጻፈውም በየአየር መንገዱ አብራሪዎች ዘንድ ስሙ ተሰውሮ መነበብ አለበት።